አርቱር ራምቦ፤ የሐረሩ ፎቶግራፍ አንሺ

የፈረንሳዩ ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ገና በሃያ ዓመቱ ግድም ብዕሩን ጥሎ ከኤውሮጳ የኮበለለውንና በሐረር ከተማ ቡናና ቆዳ እየነገደ የኖረውን እንቆቅልሽ ወጣት ነው። ስለ ግጥሙ በየአገሩ የተጻፈው መጽሐፍ ቤት ይሞላል፤ ስለ ንግዱና ለንጉሥ ምኒልክ ስላመጣው ጠመንጃም ብዙ ተብሏል። በሐረር ግንብ ውስጥ ካሜራ ተክሎ፣ መድኃኒት በጥብጦ፣ ሥዕል አጥቦ ስላሳለፋቸው ወራት ግን የሚነገረው ከጥቂት መሥመር አያልፍም። ለፎቶግራፍ ባለሙያ ይህ የሕይወቱ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚመረመር ነው። ራምቦ የዘመኑን ጥሩ መሣሪያ ለማስመጣት የግማሽ ዓመት ደመወዙን ያህል ገንዘብ አወጣ፤ መሣሪያው አልበደለውም፤ የበደለው የማጠቢያው ውሃ ነበር።

ራምቦ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአርዴን አውራጃ፣ በሻርልቪል ከተማ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በአልጄሪያ ያገለገለ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡን ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ያሳደገችው እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ናት፤ ባለ ርስት፣ ቁጥብ፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ሒሳብ የምትጠይቅ ሴት ነበረች። ይህ የእናቱ ጠባይ ወደ ኋላ በካሜራው ግዢ ጉዳይ እንደገና ስለሚመጣ ከወዲሁ ቢታወስ መልካም ነው። ልጁ በትምህርት ቤት የላቲን ቅኔ በመግጠም ሽልማት የሚጠራርግ ነበር። በ1871 መጸው ገጣሚው ፖል ቬርሌን ጠርቶት ወደ ፓሪስ ሲሄድ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱን መሙላቱ ነበር።

ከፎቶግራፍ ጋር የተገናኘው በዚያው ወራት ነው። በፓሪስ ስመ ጥር ከሆኑት የስቱዲዮ ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ኤቲየን ካርዣ፣ ራሱም ግጥም የሚጽፍና የካርቱን ሥዕል የሚሥል ሰው፣ ራምቦን ሁለት ጊዜ አነሣው። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው የራምቦ ፊት፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ዓይኑ ፈዘዝ ብሎ ወደ ሩቅ የሚያይ ልጅ፣ የካርዣ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ስቱዲዮዎች የሚሠሩት በእርጥብ ኮሎዲዮን ሰሌዳ ስለነበር ባለሙያው መስታወቱን በጨለማ ክፍል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ሳይደርቅም ሥዕሉን ማውጣት ነበረበት። ከጨለማ ክፍሉ ጥቂት ርምጃ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ካርዣም ጥበቡን የተካነ ነበር። ይሁን እንጂ ወዳጅነቱ አልሰነበተም። በ1872 ገጣሚዎች በሚሰበሰቡበት አንድ ግብዣ ላይ ራምቦ ጠጥቶ ሲያውክ ካርዣ ሊያስወጣው ቢሞክር፣ ልጁ በከዘራ ውስጥ የተሰወረ ሰይፍ መዝዞ ፎቶግራፍ አንሺውን አቆሰለው። ካርዣም ተቆጥቶ የራምቦን ሰሌዳዎች አጠፋቸው ይባላል። በወረቀት የታተሙት ስለተረፉ ፊቱ ከመጥፋት ዳነ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኤውሮጳ ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በጁላይ 1873 ብራስልስ ላይ ቬርሌን በሽጉጥ ተኩሶ አንጓውን አቆሰለው፤ በዚያው ዓመት ራምቦ በገሃነም ያለፈ ወቅት የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ከ1875 ግድም ወዲህ ግጥም መጻፉን ተወ። በ1876 የሆላንድ የቅኝ ግዛት ወታደር ሆኖ ጃቫ ድረስ ተጉዞ ከዚያ ኮበለለ። ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በኦገስት 1880 ኤደን ደርሶ በአልፍሬድ ባርዴ የቡና ንግድ ድርጅት ተቀጠረ። ድርጅቱ በሐረር ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦ በኖቬምበር ተልኮ፣ ከዘይላ ተነሥቶ የሱማሌን በረሃ በሃያ ቀን የፈረስ ጉዞ አቋርጦ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ።

ያን ጊዜ ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች። የግብፅ ጦር በ1875 ገብቶ አሚሩን ገድሎ ከተማይቱን ከያዘ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሆኖም በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብና አምስቱ በሮቹ እንደ ቆሙ ነበሩ፤ ጠባብ መንገዶቹ፣ መስጊዶቹ፣ የአድባራትና የአዋቾቹ መቃብሮች፣ የቡናና የጫት አትክልቱ ከግንቡ ወዲህና ወዲያ እንደ ነበሩ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ አየሯ ለስላሳ፣ ብርሃኗ ግን ብርቱ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃኑዋሪ 1855 ገብቶ አሥር ቀን ተቀምጦ ሲወጣ ያየውን በቃላት ብቻ ነበር ይዞ የወጣው። በርግጥ ፎቶግራፍ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ሐረር ግን ገና ያልተነካች ነበረች።

ራምቦ ይህን ወዲያው ተረድቶታል። ከገባ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው፣ በጃኑዋሪ 1881 ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሊዮን ካሜራ እንዲላክለት ማሰቡንና ኤውሮጳ የማያውቃቸውን የእነዚህን አገሮች መልክ ይዞ እንደሚመለስ ገልጿል። ዓመቱ ግን በንግድ ጉዳይ አለፈ። በ1882 ኤደን ሆኖ ሳለ ሐሳቡ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ሰፊ ነበር። ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር ካርታና ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ጽፎ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ አሰበ፤ ለዚሁም የከፍታና የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያዎችን የሚገዛለት ሰው ፈለገ። በሌላ በኩል ደግሞ ነጋዴነቱ አለቀቀውም። ካሜራውን ይዞ ወደ ሸዋ ቢወጣ፣ በዚያ አገር ነገሩ ስለማይታወቅ በአጭር ጊዜ ጥሩ ገንዘብ እንደሚያገኝበት በሴፕቴምበር 1882 ለእናቱ ጽፎላታል።

መሣሪያውን ሊዮን ላይ የገዛለት የባርዴ ድርጅት ወዳጅ የሆነ ዱባር የሚባል ሰው ነው። ሒሳቡ 1,850 ፍራንክ ሆነ። ራምቦ ከድርጅቱ ጋር በመጀመሪያ የተዋዋለው ደመወዝ በወር 330 ፍራንክ ያህል ስለነበር፣ ዋጋው ከአምስት ወር ተኩል ደመወዝ ጋር ይስተካከላል። ገንዘቡ የሚከፈለው እናቱ ዘንድ ካስቀመጠው ነበር፤ ኩዊፍ እመቤትም በነገሩ እጅግ ተቆጣች። ከእንግዲህ በጉዳዮችህ እጄን አላስገባም ብላ እስከ መጻፍ ደረሰች። ልጇም በዲሴምበር 1882 አዝኖ መለሰላት፤ የሚገዛው ነገር ለጨዋታ አለመሆኑን፣ ገንዘቡም ተመልሶ እንደሚገኝ ሊያስረዳት ደከመ። ውድ ሌንስ ገዝቶ ቤቱ የገባ ባለሙያ ሁሉ ይህን ክርክር ሳያውቀው አይቀርም።

ለመሆኑ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት መሣሪያ ይመርጥ ነበር? ምርጫው በሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ እነሱም ሰሌዳውና መጠኑ ናቸው። እርጥቡ የኮሎዲዮን ሰሌዳ ለካርዣ ስቱዲዮ የተመቸ ቢሆንም ለበረሃ መንገደኛ መከራ ነው፤ የመቅደላ ዘመቻ ፎቶግራፍ አንሺዎች የጨለማ ድንኳን፣ የብር ናይትሬትና የኤተር ጠርሙስ በበቅሎ ጭነው መሄድ ነበረባቸው። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የብር ብሮማይድን በጄላቲን ውስጥ የመያዝን ዘዴ ካሳየ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በፋብሪካ የተሠራ ደረቅ ሰሌዳ በየከተማው ይሸጥ ነበር፤ አንቷን ሉሚየርም የሰሌዳ ፋብሪካውን ያቋቋመው በዚያው ዘመን፣ ያውም በሊዮን ነው። ደረቅ ሰሌዳ በሣጥን ታሽጎ ወራት ይቆያል፤ ሥዕሉንም ማታ በቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል። የሃያ ቀን የፈረስ መንገድ የሚጠብቀው ሰው ሌላ መመኘት አይገባውም ነበር።

መጠኑን በተመለከተ፣ ዛሬ የምናውቀው ማጉያ መሣሪያ ያን ጊዜ በተራ ባለሙያ እጅ አልነበረም። ኔጋቲቩ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ በፀሐይ ስለሚታተም የሥዕሉ ስፋት የሰሌዳው ስፋት ነው። በፈረንሳይ ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ይህ በኋላ ዘመን በሮሌይፍሌክስና በሐሰልብላድ ከታወቀው የ6 በ6 መካከለኛ ፎርማት በስፋት ስድስት ሰባት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የመስመሩ ጥራት የሚያስቀና ነው። ዋጋው ግን የሚከፈለው በክብደትና በሰባራ መስታወት ነው። መካከለኛው ፎርማት በሃያኛው መቶ ዓመት የተወደደውም ለዚህ ነበር፤ ከትልቁ ሰሌዳ ጥራት አብዛኛውን ይዞ፣ አሥራ ሁለት ሥዕል በአንድ ጥቅል ፊልም በኪስ እንዲገባ አደረገ። ራምቦ ይህ ምርጫ አልነበረውም። እግረ ሦስቱን፣ የእንጨት ካሜራውን፣ የመስታወት ሣጥኖቹን፣ መድኃኒቱንና ወረቀቱን ሁሉ በግመልና በበቅሎ ማስጫን ግዴታው ነበር።

ስለ ፊልተርስ? ይህ ጥያቄ የሐረርን ብርሃን ለሚያውቅ ባለሙያ የግድ ይመጣል፤ መልሱም አስገራሚ ነው። በዚያ ዘመን ተራው ሰሌዳ የሚያየው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃንን ብቻ ነው። ለቢጫ እጅግ ደካማ፣ ለቀይ ፈጽሞ ዕውር ነበር። ሄርማን ፎግል የተባለው ጀርመናዊ በ1873 ሰሌዳውን በቀለም ነክሮ ለአረንጓዴና ለቢጫም ስሜት እንዲኖረው ማድረግ እንደሚቻል ቢያገኝም፣ ግኝቱ በየሱቁ የሚሸጥ ዕቃ ለመሆን ዓመታት ፈጅቶበታል። ሰማያዊ ብቻ ለሚያይ ሰሌዳ ቢጫ ፊልተር መግጠም ዓይኑን እንደ መሸፈን ነው፤ ፊልተሩ የሚያስቀረው ሰሌዳው የሚያየውን ያንኑ ብርሃን ነውና። ስለዚህ ዛሬ በፓንክሮማቲክ ፊልም የሚሠራ ሰው የብርሃን መጠኑን እጥፍ አድርጎ በቢጫ ፊልተር፣ ወይም ስምንት እጥፍ አድርጎ በቀይ ፊልተር የሚያገኘውን የጠቆረ ሰማይና የጎላ ደመና ራምቦ በምንም ብልሃት ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ይህ በሐረር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። የሐረር አፈር ቀላ ያለ ነው፤ ግንቡም ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ቀዩን የማያይ ሰሌዳ ግንቡን ያጠቁረዋል። ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በኖራ የተለቀለቀ የአዋች ጉልላት ከነጣው ሰማይ ጋር ይዋሐዳል። የሰው ፊት ይጠቁራል፤ የለበሰው ነጭ ጥጥ ልብስ ግን ይቃጠላል፤ ለፊቱ የሚበቃ ብርሃን ከተሰጠ ልብሱ ይጠፋል፤ ለልብሱ ከተመጠነ ፊቱ ይጠፋል። በከፍታ ላይ ያለ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ይህን ሁሉ ያብሰዋል። ፊልተር ለሌለው ሰው ያለው መድኃኒት ሁለት ነው፤ አንደኛው ጧትና ማታ መሥራት፣ ሁለተኛው ጥላ መፈለግ። ራምቦ ከሦስቱ የራሱ ሥዕሎች ሁለቱን በአትክልት ውስጥ ማንሣቱ በዚህ በኩል ሲታይ ያለ ነገር አይመስልም። አረንጓዴ ቅጠል በዚያ ሰሌዳ ላይ ጠቆር ብሎ ስለሚወጣ ነጭ የለበሰ ሰው ከኋላው ተለይቶ ይቆማል።

ራምቦ ከባርዴ ጋር ውሉን አድሶ ማርች 22 ቀን 1883 ከኤደን ተነሣ፤ ካሜራውን ይዞ እንደገና ሐረር ገባ። ወዲያው ሥራ ጀመረ። በሜይ 6 ቀን ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ራሱ ያነሣቸው የራሱ ሥዕሎች ነበሩበት። በአንደኛው በቤት ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሁለተኛው በቡና ተክል ውስጥ ቆሟል፤ በሦስተኛው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ይታያል። ሰው ራሱን እንዴት እንዳነሣ የሚጠይቅ ባልደረባ ይኖራል። የዚያ ዘመን ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክዳኑን በእጅ በማንሣት ነበር፤ ስለዚህ አስተካክሎ፣ ሰሌዳውን አስገብቶ፣ ስፍራው ላይ ቆሞ ክዳኑን የሚያነሣለት አንድ ሰው አቁሞ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ሥራውን የራሱ ብሎ ነው የላከው።

ከሥዕሎቹ ጋር የተላከው ማብራሪያ ግን ከሥዕሎቹ ይልቅ የባለሙያን ልብ ይነካል። ራምቦ ወረቀቶቹ ነጥተው የወጡት ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ መሆኑን፣ ወደ ፊት ግን የተሻለ እንደሚሠራ ለእናቱ ይገልጻል። እነዚህ ሥዕሎች ፊቱን እንዲያስታውሱትና የአገሩን መልክ እንዲያዩበት ያህል ብቻ የተላኩ ናቸው ይላል። በሐረር ሁሉ ሰው መነሣት እንደሚፈልግ፣ ለአንድ ሥዕልም አንድ ጊኒ እስከ መስጠት የደረሰ እንዳለ ይጨምራል፤ ገና በሚገባ አልተደራጀም፤ ሲደራጅ አስደናቂ ነገር ይልካል።

ስለ ውሃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ማዕከል እሱ ነውና። ሥዕል በወረቀት ከታተመ በኋላ ያልተነካው ብር ካልወጣ ብርሃን ያየ ጊዜ ሁሉ ይጠቁራል፤ እሱን የሚያወጣው ሃይፖ የሚባለው መድኃኒት ነው። ሃይፖው ግን በተራው ከወረቀቱ ታጥቦ መውጣት አለበት። በወረቀቱ ውስጥ የቀረ ሃይፖ ብሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሥዕሉ መጀመሪያ ይወይባል፣ ኋላም ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀት ውሃው እየተለዋወጠ ለሰዓታት መታጠብ ነበረበት። በሊዮን ወይም በፓሪስ ቧንቧ ከፍቶ መሄድ ይቻላል። በ1883 በሐረር ውሃ ማለት ከግንቡ ውጭ ካለው ምንጭና ወንዝ በሰውና በአህያ ጀርባ ተቀድቶ የሚመጣ ነገር ነው፤ ደለል አለበት፣ ጨው አለበት፣ ከሁሉም በላይ ጥቂት ነው። ለመጠጥና ለወጥ በተመጠነ እንስራ ደርዘን ወረቀት ማጠብ ለሞከረ ሰው ውጤቱ የታወቀ ነው። 1,850 ፍራንክ የፈሰሰበት ዝግጅት ሁሉ ይህን አንዱን አላሟላም። ውሃውን በጨርቅ ማጥለል፣ አፍልቶ ማስቀመጥ፣ ዝናብ በጣሪያ ማጠራቀም ይቻል ነበር፤ ግን ይህን የሚያስብ ሰው አንድ ሁለት የጠፋ ሥራ አይቶ የተማረ፣ ለመደጋገምም ጊዜ ያለው መሆን አለበት። ራምቦ ትዕግሥት ያጣበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ የሚያልቀው ቡና በመመዘንና ግመል በማስጫን ነበርና።

ከራሱ ሥዕሎች ሌላ ያነሣቸው ጥቂቶቹ በኦገስት ለባርዴ የላካቸው ናቸው። ከነዚህ መካከል የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረው ግሪካዊው ሶቲሮ፣ የሐረር ባለ አድባር የሚባሉት የሼኽ አባድር መቃብር፣ እንዲሁም ዳቡላ የሚባለውን የሸቀጥ መጫኛ ከረጢት የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ይገኙበታል። የኤውሮጳ ጸሐፊዎች የሚያተኩሩት በራሱ ሥዕሎች ላይ ነው፤ ባለቅኔውን ፈልገው ስለሚመጡ ነው። በባለሙያ ዓይን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዳቡላ ሠሪው ነው። ራምቦ በዚህ ሥዕል ራሱን ረስቷል። በየቀኑ አብሮት የሚውለውን የንግዱን ሥር፣ ቡናው ከሐረር ወደ ዘይላ የሚሄድበትን ከረጢት የሚሠራውን እጅ አይቷል። የ1883ቷን ሐረር ለሚያጠና የአገር ልጅ የዚያ ያልታወቀ ባለሙያ አቀማመጥ ከባለቅኔው የተጣመሩ እጆች ይልቅ ብዙ ይናገራል። ራምቦ እንዲህ ያለ ሃምሳ ሥዕል ቢተው ኖሮ፣ የአራቱን ወገን ገበያ፣ የአምስቱን በር ትራፊ፣ የመጽሐፍ ጠራዡንና የቅርጫት ሰፊዋን ቢያነሣ ኖሮ፣ ከተማይቱ ከግብፅ አገዛዝ ከመውጣቷ በፊት የነበራት መልክ ሙሉ ማኅደር በሆነላት ነበር።

አልሆነም። በዚያው ዓመት ሶቲሮ ኦጋዴን ድረስ ተጉዞ ያመጣውን ወሬ ራምቦ አቀናብሮ ዘገባ ጻፈ፤ ዘገባው በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ያሰበው ባለ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ግን አልተጻፈም። በሱዳን የማሕዲ ጦርነት ግብፅን አንገዳግዶ ሐረርን ለመልቀቅ ስትሰናዳ ንግዱ ቆመ፤ የባርዴ ድርጅት ቅርንጫፉን ዘጋ። ራምቦ በማርች 1884 ወደ ኤደን ወረደ። በ1885 ለቤተ ሰቡ ሲጽፍ ካሜራውን እጅግ እየቆጨው መሸጡን፣ ግን እንዳልከሰረበት ነገራቸው። እናቱ ደስ ሳይላት አልቀረም።

በዚህ መካከል በፓሪስ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ቬርሌን ስለ ተረገሙ ባለቅኔዎች በጻፈውና በ1884 በመጽሐፍ መልክ በወጣው ሥራው የራምቦን ግጥሞች ለሕዝብ አቀረበ፤ አብሮም የወጣው ከካርዣ ፎቶግራፍ የተቀረጸው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ምስል ነው። ሰውዬው ሐረር ላይ በመጥፎ ውሃ ያጠበው የሃያ ስምንት ዓመት ፊቱ በእናቱ መሳቢያ ሲወይብ፣ ፓሪስ የልጅነት ፊቱን ማምለክ ጀመረች።

የሚያስቆጨው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ራምቦ በ1882 ካሜራ ይዞ ወደ ሸዋ እወጣለሁ ሲል አስቦ የነበረው፣ በ1886 ወደ ሸዋ የወጣው 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት አስጭኖ ነው። ሸሪኩ ላባቱ ሞተ፤ አብሮት ሊሄድ የነበረው ሶሌዬም ሞተ፤ ብቻውን በኦክቶበር ከታጁራ ተነሥቶ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን የያዙት በዚያው ጃኑዋሪ ነበር። እንጦጦ ላይ ዋጋው ተቀናንሶ፣ ቀሪውም ሐረር በደጃዝማች መኰንን እንዲከፈል ተወስኖ፣ ራምቦ ከፈረንሳዊው መንገደኛ ከዡል ቦሬሊ ጋር በሜይ ወር ከእንጦጦ ወደ ሐረር ተጓዘ። ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የቀራቸውን ምኒልክን፣ ገና በመሠራት ላይ ያለውን እንጦጦን፣ ከድል በኋላ ያለችውን ሐረርን በዓይኑ አየ። በእጁ ግን ካሜራ አልነበረም።

ከሜይ 1888 ጀምሮ ራምቦ በሐረር የራሱን ንግድ ቤት ከፍቶ ሦስት ዓመት ሠራ፤ የኤደኑ ነጋዴ ሴዛር ቲያን ሸሪኩ ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና ወርቅ ይልካል፤ ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስመጣል። ከገዢው ከመኰንን፣ ኋላ ራስ መኰንን፣ ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበረው። አረብኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይናገር ነበር። እንዲህ ያለ ቋንቋ አዋቂ፣ በየቤቱ የሚገባ፣ ሰው የሚያምነው ሰው ለፎቶግራፍ ከማንም ይልቅ የተመቸ ነው፤ በ1883 መሣሪያው ሲኖረው ይህ ሁሉ ገና አልጠነከረም ነበር፤ በ1888 ሁሉ ሲሟላ መሣሪያው ተሸጦ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1891 ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። እብጠቱ እየባሰ ሲሄድ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ ኤፕሪል 7 ቀን በራሱ ንድፍ በተሠራ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ አሥራ ስድስት ሸካሚዎች ተቀጥረውለት ከሐረር ወጣ። በሜይ ማርሴይ ደርሶ እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ በዚያው ሆስፒታል ሞተ። አልጋው አጠገብ የነበረችው እህቱ ኢዛቤል በመጨረሻ ቀኖቹ ፊቱን በእርሳስ ሥላዋለች። በሐረር ያገለገለው ጃሚ እንዲሰጠው ያዘዘው ገንዘብ በኑዛዜው ተላከ።

የሐረር ፎቶግራፎቹ ዛሬ በሻርልቪል በስሙ በተሰየመው ሙዚየምና በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። በሐረር ጁገል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ባለ ፎቁ ቤት፣ ቀለማም መስታወቱና የተቀረጸ እንጨቱ ለማየት የሚያስደስት ሲሆን፣ ራምቦ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ባለቅኔው አልኖረበትም። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ቤቱን የድሮ ፎቶግራፎች ማሳያ ማድረጓ የሚደገፍ ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ቅጂዎች መካከል የ1883ቱ ሥዕሎች አሉ። የሙዙ ቅጠል፣ የልብሱ ንጣት፣ የቆመበት መሬት ይለያል። ዓይኑና አፉ ግን በግድ ነው የሚታየው።